መስቀሉን ከመወልወል በፊት የዕቃ ቤቱን አየር መርምሩ

በዓል ሲቃረብ በየደብሩ የሚታወቅ ሥራ አለ። መስቀሉ፣ ጽናው፣ ቃጭሉ ከዕቃ ቤት ይወጣና በአመድና በሎሚ ይታሻል። አሁን አሁን ከሱቅ የሚገዛ የናስ ማጽጃም ገብቷል። ሲያልቅ ዕቃው ቦግ ይላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ክረምቱ ሲያልፍ ግን ያው ነው፤ ጠቁሮ ይገኛል። እንደገና ይታሻል።

ጥቁሩ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ ቆሻሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። ነገር ግን ብሩ ወይም መዳቡ ራሱ ከአየሩ ጋር ተዋህዶ የሠራው ነው። ስለዚህ ጥቁሩ በታሸ ቁጥር ከመስቀሉ ገላ ላይ ትንሽ ይነሳል። ቀድሞ የሚጠፋው ደግሞ ስሱ ነገር ነው፦ የሐረጉ ጠርዝ፣ የሰጪው ስም የተጻፈበት ፊደል፣ የወርቅ ቅቡ። ሎሚው ከናሱ ውስጥ ዚንኩን ለይቶ ያወጣል። ቢጫ የነበረ የናስ መስቀል ቦታ ቦታው ላይ ቀላ ብሎ ካያችሁ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። አመዱም ቢሆን በቅርጹ ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀርና እርጥበት ይስባል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ መወልወል አይደለም፤ ስለ አየሩ ነው። አየሩ ካልተስተካከለ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

አየር ለመመርመር የግድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የጸዱ የብረታ ብረት ቁራጮች ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሰቅሎ ምን እንደሚሆኑ መከታተል ይቻላል። ትልልቅ ሙዚየሞችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ለእኛ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ጻሕልና ጽዋውን ማንም ተነስቶ አይነካውም፤ ሥርዓት አለው። በቁራጩ ግን ንዋየ ቅድሳቱ ከቦታው ሳይነሳ አየሩ ይመረመራል።

ያም ሆኖ ለአለቃው፣ ለቄሰ ገበዙና ለሰበካ ጉባኤው ሳትነግሩ አትጀምሩ። ቅርስ ላይ ጥገና ማካሄድ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ እንደሚጠይቅም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተደንግጓል። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ክፍሉ፣ ስለ ቁም ሣጥኑና ስለ ሣጥኑ ነው። ቅርሱን በኬሚካል ማጽዳት ውስጥ አንገባም።

ደረጃ 1፦ በአፍንጫችሁ ጀምሩ

ዕቃ ቤቱ ተዘግቶ ይደር። ጠዋት በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመታችሁን ሽታ ጻፉት። ቁም ሣጥኑንም ለብቻው ከፍታችሁ አሽትቱ። አፍንጫ ቶሎ ስለሚለምድ የመጀመሪያዋ ትንፋሽ ናት ቁም ነገሯ።

አቼቶ አቼቶ የሚል ሽታ ካለ አሲድ አለ ማለት ነው። ምንጩ ብዙ ጊዜ ቁም ሣጥኑ ራሱ ነው። እንጨት ሁሉ በመጠኑ አሲድ ይተነፍሳል። የቆየ እንጨትም ቢሆን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይተውም። ከሁሉ የሚብሱት ግን ቺፑድ፣ ኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶ ናቸው፤ ከሙጫቸው የሚወጣው ፎርማልዲሃይድ ይጨመርባቸዋል። ምዕመናን አዋጥተው ያሠሩት አዲስና የሚያምር የቺፑድ ቁም ሣጥን ከድሮው የባሰ ሊሆን መቻሉ ያሳዝናል፤ ግን እውነት ነው። ትኩስ የዘይት ቀለምና ቫርኒሽም እንዲሁ ናቸው። የመስታወት ሣጥን ካሠራችሁ ደግሞ መስታወቱ የተያያዘበትን ሲልከን ጠይቁ። ሲደርቅ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ለእርሳስና ለመዳብ ጠላት ነው። አቼቶ የማይሸት ዓይነትም ገበያ ላይ አለ።

የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ድኝ ያለበት ጋዝ ነው። ብርን የሚያጠቁረው ይህ ነው፤ በቢሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ አንድ ክፍል እንኳ ሳይሞላ ሥራውን ይጀምራል። አፍንጫችሁ ሳይሰማው ብሩ ይሰማዋል ማለት ነው። ሽንት ቤት፣ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ረግረግ ቅርብ ከሆነ አስቡበት። ውስጥ ያለውንም አትርሱ። ሱፍ በተፈጥሮው ድኝ አለበት። የሱፍ ካባና ምንጣፍ ከብር መስቀል ጋር በአንድ ቁም ሣጥን መዋል የለባቸውም። ጎማም እንዲሁ፤ ሲመረት ድኝ ይገባበታል። የብር መስቀል ጠቅልሎ በጎማ ላስቲክ ማሰር ልማድ የሆነበት ቦታ አለ። ፈትታችሁ ብታዩት ላስቲኩ ያረፈበት ላይ ጥቁር መስመር ታገኛላችሁ።

ሹል የሆነ፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለ ጣራውን ቀና ብላችሁ እዩ። የሌሊት ወፍ ይሆናል። ከሽንቷና ከኩሷ የሚወጣው አሞኒያ መዳብና ናስን ይበላል።

ከዚያ ደግሞ በዓይን። ሁለት ነገሮችን በተለይ ፈልጉ፤ ብዙ ቦታ ማንም ልብ አይላቸውም።

አንደኛው የሶላር ባትሪ ነው። መብራት በሌለበት ገጠር ሶላር ሲገባ ባትሪው የሚቀመጠው ቁልፍ ባለበት ክፍል፣ ማለትም ዕቃ ቤት ነው። ውሃ የሚጨመርበት የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ቻርጅ ሲያደርግ የሰልፈሪክ አሲድ ጉም ይረጫል፤ የሚፈነዳ ሃይድሮጅንም ይለቃል። ዛሬውኑ ይውጣ። የቁራጩን ውጤት መጠበቅ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው በረኪና ነው። ወለል በበረኪና ሲታጠብ የሚወጣው ክሎሪን ብር ያደበዝዛል፣ ብረት ያዝጋል። ዕቃ ቤት በደረቅ ወይም በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ይወልወል፤ ይበቃዋል።

የሚያፈስ ጣራ፣ የላምባ መብራት፣ ገና ያልደረቀ አዲስ ሲሚንቶ ካለም መዝግቡ። ስለ ዕጣን መጠየቃችሁ አይቀርም። ጭሱና የጧፉ ጥቀርሻ ዕቃው ላይ ሲያርፍ እርጥበትና አቧራ ይይዛል። መፍትሔው ግን ማጠን ማቆም አይደለም፤ ዕቃው ሳይጠረግ ወደ ሣጥን እንዳይመለስ ማድረግ ነው።

ደረጃ 2፦ ቁራጮቹን አዘጋጁ

አራት ዓይነት ያስፈልጋችኋል፦ ብር፣ መዳብ፣ እርሳስ (የጽሕፈቱ ሳይሆን ማዕድኑ) እና ብረት። እያንዳንዱ የራሱን ጠላት ይናገራል። መጠናቸው 1 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፣ ጠፍጣፋ ይሁኑ።

ብሩን ከአንጥረኛ ግዙ፤ “ያልተደባለቀ፣ ንጹህ ብር ቀጥቅጥልኝ” በሉት። ጠገራ ብር አትቁረጡ። የማሪያ ቴሬዛ ብር ራሱ ቅርስ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ንጹሕ ብሩ 83 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ ውጤቱን ያደባልቅባችኋል። (ብዙ የቆዩ የብር መስቀሎችና ጌጦች የተሠሩት ከቀለጠ ጠገራ ብር ነው። ብር የተባለው ዕቃ አረንጓዴ ሲያወጣ የሚያስገርመው ሰው ይህን አይርሳ።) ለመዳብ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሆናል። ወፍራሙን ገመድ ልጡና በመዶሻ ጠፍጥፉት፤ የኤሌክትሪክ መዳብ በጣም ንጹሕ ነው። እርሳሱ በጥፍር የሚጫር ለስላሳ ዓይነት ይሁን። ከአሮጌ ባትሪ አታውጡ፤ አሲድ አለው፣ መርዝም ነው። ለብረቱ ያልተቀባ ላሜራ ይበቃል። ዚንክ የተነከረ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ።

ብሩን፣ መዳቡንና ብረቱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ 600 ቁጥር በሆነው፣ እኩል እስኪያበሩ እሹ። ለእያንዳንዱ አዲስ ወረቀት ተጠቀሙ፤ የአንዱ ብናኝ ሌላው ላይ መግባት የለበትም። እርሳሱን ግን በደረቁ አትሹት፣ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። ጓንት አድርጋችሁ በቢላ ጠርዝ ላዩን ብቻ ፋቁት፤ ፍቃፊውን ሰብስባችሁ አስወግዱ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ሕፃናት አጠገብ አይሁኑ።

ከዚያ ሁሉንም በአሴቶን ወይም በንጹሕ አልኮል ጥረጉ። ከዚህ በኋላ በእጅ መንካት የለም። በወረንጦ ብቻ ያዙ። የላብ ጨው ሳምንታት ቆይቶ የጣት አሻራችሁን ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል፤ ውጤቱም ስለ አየሩ ሳይሆን ስለ ጣታችሁ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ስቀሉና ጠብቁ

ሦስት ስብስብ ሥሩ። አንዱ መስቀሎቹ ባሉበት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሁለተኛው በክፍሉ መሀል፣ ሦስተኛው ደግሞ በደንብ በሚዘጋ ንጹሕ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት ከሚመጥ ፍሬ) ጋር። ይህ የመጨረሻው ማወዳደሪያችሁ ነው፤ መለወጥ የለበትም። በናይለን ክር ስቀሏቸው። እርስ በርሳቸው አይነካኩ፣ ግድግዳም አይንኩ። የተጀመረበት ቀን በእርሳስ ይጻፍ።

የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ አንሱ። አጠገቡ ነጭ ወረቀት አስቀምጡ፤ ስልክ ቀለም ያዛባል፣ ነጩ ወረቀት ማነጻጸሪያ ይሆናችኋል። በየጊዜው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መስኮት ብርሃን አንሱ። በአንድ ወር እዩት፣ በሦስት ወር እዩት። የሚሻለው ግን ዓመት ማቆየት ነው፤ የሐምሌ አየርና የየካቲት አየር አንድ አይደለም። ዓለም አቀፉ አይኤስኦ 11844 መስፈርትም የቤት ውስጥ አየር ብረታ ብረት የመብላት ኃይሉን ከ“በጣም አነስተኛ” እስከ “በጣም ከፍተኛ” በአምስት ደረጃ ሲከፍል መሠረት የሚያደርገው የአንድ ዓመት ምርመራን ነው።

ከጎኑ አንድ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ አስቀምጡ። ጠዋትና ማታ ቁጥሩ ይመዝገብ። ቁልፍ ያዡ በሩን ሲከፍት ጽፎ ይሂድ፤ ሌላ ሰው አታድክሙ።

ደረጃ 4፦ ቁራጩ ምን ይላል?

ከብሩ ጀምሩ። መጀመሪያ ማር የመሰለ ቢጫ ይይዛል። ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ጥቁር። ቀለሙ የሚቀያየረው ላዩ ላይ ያለው የብር ሰልፋይድ ሽፋን በወፈረ መጠን ብርሃን የሚመልስበት ሁኔታ ስለሚለወጥ ነው። ስለዚህ ቀለሙን አይታችሁ ሽፋኑ የት እንደደረሰ መገመት ትችላላችሁ። በዓመቱ ቀለል ያለ ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ። በወሩ ቡናማ ከሆነ ግን ድኙ ቅርብ ነው፤ ፈልጉት።

መዳቡ አብሮ ከጨለመ ድኝ የመሆኑ ነገር ይጠናከራል። መዳቡ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ከወጣ ግን ክሎራይድ ያለበት ነገር ገብቷል፤ በረኪና፣ ጨው፣ ፒቪሲ ፕላስቲክ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ከሆነ ወደ ጣራው፣ ወደ ሌሊት ወፎቹ ተመለሱ።

እርሳስ መደብዘዙ የታወቀ ነው፤ ግራጫ ቢሆን ምንም አይደለም። ነጭ ዱቄት ካወጣ ግን አሲድ ነው። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ነጭ ሆኖ የክፍሉ ግራጫ ከሆነ ጥፋተኛው ታወቀ፦ ቁም ሣጥኑ ራሱ። የሁለቱ ልዩነት ከሁሉም የሚጠቅም መረጃ ነው። ውስጡ ከውጭው የባሰ ከሆነ ዕቃውን እየጎዳው ያለው መኖሪያው ነው። ውጭው የባሰ ከሆነ ደግሞ በደንብ የሚዘጋ ሣጥን ያድነዋል።

ብረቱ ከዛገ ነገሩ እርጥበት ነው። ንጹሕ ብረት እርጥበቱ ከ60 ከመቶ በታች ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ችሎ ይቀመጣል። ጨው የነካው ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ እርጥበትም ይዝጋል።

ደረጃ 5፦ ምንጩን አውጡ

ቅደም ተከተሉ አይፋለስ። መጀመሪያ ምንጩን ማውጣት፣ ቀጥሎ ማናፈስ፣ ከዚያ ነው ማሸግ። የሚተነፍስ ቺፑድ ውስጥ ዘግቶ ማሸግ አሲዱን አብሮ ማሸግ ነው።

ባትሪው ይውጣ። ሱፉ ለብቻው ይሁን። ጎማና ስፖንጅ ይወገድ። አዲስ ቀለም ከተቀባ ቢያንስ አራት ሳምንት በሩም መስኮቱም ተከፍቶ ይቆይ፤ ዕቃው እስከዚያ ሌላ ክፍል ይሰንብት። ማናፈሻ ሰዓት ምረጡ፤ በበጋ ረፋዱ ላይ ጥሩ ነው። በክረምት ግን ዝናብ እየወረደ መስኮት መክፈት እርጥበት መጋበዝ ነው።

ቁም ሣጥን ለመለወጥ አቅም ካለ ቢሮ ውስጥ የሚታየው፣ በፋብሪካ የተቀባው የብረት ካቢኔት ከቺፑድ በብዙ ይሻላል። አያምርም፤ ይሁን።

አዲስ ዕቃ ከማስገባታችሁ በፊት መሞከርም ትችላላችሁ። አንድሩ ኦዲ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያ በ1973 ያስተዋወቀው ሙከራ አለ፤ ዛሬም ሙዚየሞች ይሠሩበታል። 50 ሚሊ ሊትር በሚይዝ፣ አየር በማያስወጣ ብርጭቆ ውስጥ 2 ግራም የሚመረመረው ነገር፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ ከዚያ የብር፣ የመዳብና የእርሳስ ቁራጭ ይገባሉ። በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 28 ቀን ይቆያል። ከጎኑ ምንም ያልገባበት ሌላ ብርጭቆ ይቀመጣል። ሁለቱ ልዩነት ካሳዩ ያ ጨርቅ ወይም ሰሌዳ ቅርስ አጠገብ አይድረስ። ሙቀቱን አንድ ዓይነት አድርጎ የሚይዝ ምድጃ ያለው ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ከሆነ ጠይቁ። ከሌለ በክፍሉ ሙቀት ሁለት ሦስት ወር ማቆየት ይቻላል፤ ውጤቱ ግን ያን ያህል አያስተማምንም።

ደረጃ 6፦ ለብረታ ብረቱ የራሱን ሣጥን ሥሩለት

ክፍሉን በሙሉ ለማድረቅ አትሞክሩ። ዕቃ ቤት ውስጥ ብራና አለ፣ በእንጨት ላይ የተሳለ ሥዕል አለ። እነሱ በ50 ከመቶ አካባቢ ይመቻቸዋል፤ ከመጠን በላይ ከደረቁ ብራናው ይጨማደዳል፣ ሥዕሉ ይሰነጠቃል። ብረታ ብረት ግን ደረቅ ይወዳል፤ ለመዳብና ለነሐስ ከ40 ከመቶ በታች ጥሩ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ይለያዩ።

ክዳኑ ግጥም የሚል፣ ምግብ የሚቀመጥበት ዓይነት ግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን ይሆናል። ለስላሳና የሚሸት ፒቪሲ አይሁን። ውስጡን በአቡጀዲ ደልድሉ። አቡጀዲው ከሱቅ እንደመጣ ሙጫ አለውና ሳሙና ሳይበዛ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ በደንብ ይለቅለቅ፣ ይድረቅ። ለ50 ሊትር ሣጥን አንድ ኪሎ ያህል ሲሊካ ጄል በጨርቅ ከረጢት አስገቡ። ቀለሙ ሲለወጥ ጠግቧል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለ ምድጃ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ እንደገና ይሠራል፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ግን አንብቡ። ሰማያዊው ዓይነት መርዛም ኮባልት ስላለው ብርቱካናማውን ምረጡ። የብር ዕቃ ላለበት ሣጥን የውሃ ማጣሪያ ሻጮች ዘንድ የሚገኘውን አክቲቭ ካርቦን ጨምሩ፤ ጋዙን ይውጣል። የምድጃ ከሰል ይህን ሥራ አይሠራም። እርጥበት መለኪያው ትንሽ ከሆነ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሳትከፍቱ ታነቡታላችሁ።

ለአገልግሎት የሚወጣውስ?

በየሳምንቱ የሚወጣ መስቀል ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ አይኖርም። ለእሱ አንድ ልማድ ይበቃዋል፦ ከመመለሱ በፊት በንጹሕ፣ ደረቅና ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ። ላቡም፣ ጥቀርሻውም፣ የምዕመኑ ከንፈር የነካበትም በዚሁ ይነሳል። ጨርቁ የናስ ማጽጃ የነካው አይሁን።

ጥምቀት ለብቻው ይታይ። ጸበል ይረጫል፣ መስቀሉም ጽናውም ይረጥባል፣ ሰዉ ደክሞታል፤ ዕቃው እንደረጠበ ይገባና ይቆለፋል። ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ለብረታ ብረቱ ክፉው ምናልባት ያ ሌሊት ነው። ከበዓሉ በፊት አንድ ዲያቆን ጨርቅ ይዞ በር ላይ እንዲቆም አስቀድማችሁ መድቡ። መስቀሉ እንጨቱ ላይ የሚሰካበት ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ይተኛልና ገልብጦ ያንጠፍጥፈው፣ አናፍሶ ያግባው።

ከዚህ በኋላ የተረጋጋ ጥቁር ገጽ ያለው መስቀል ካላችሁ ተዉት። ሰው “ተጣለ እኮ፣ ጠቆረ” ይላችኋል፤ ማስረዳት ነው። ቀጭኑ ጥቁር ሽፋን ዕቃውን አይበላውም። የሚበላው በየበዓሉ የሚያሸው እጅ ነው።

አንድ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። ነሐስ ወይም መዳብ ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ፣ ጠርጋችሁት እንደገና ከወጣ፣ ይህ የነሐስ በሽታ የሚባለው ነው። ክሎራይድ ውስጡ ገብቶ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይበላዋል። ያንን ዕቃ ለብቻው በደረቅ ሣጥን አግልሉት፣ አትፋቁት፣ ፎቶ አንሱና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። ወረቀቱ ላይ የእርጥበት መዝገባችሁንና የቁራጮቹን ፎቶ አያይዙ፤ የሚመጣው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።